የሰባተኛው ጣቢያ ቢጫ ባንዲራ

አሥራ አራት ቁጥር የውድድር መኪና ተሽከርክራ ከመንገዱ ዳር ያለው ጠጠር ውስጥ ስትገባ፣ የዲሊስ ፕሮሰር ግራ እጅ የተገመጠ የእንቁላል ሳንድዊች ይዞ ነበር። ቀኝ እጇ ግን ሥራውን ያውቃል። መኪናዋ ገና ሳትቆም ቢጫውን ባንዲራ ከማስቀመጫው መዞ ከብረቱ አጥር በላይ አወጣውና አወዛወዘው። የተወዛወዘው ግን ዱላው ብቻ ነበር። ከንጋት ጀምሮ የነበረው ካፊያ ጨርቁን አርሶታል፤ ነፋሱ ደግሞ ዱላው ላይ ጠቅልሎታል። እንደ ተዘጋ ጃንጥላ ሆኗል።

ሳንድዊቹን በጥርሷ ነክሳ በሁለት እጇ ጨርቁን መፍታት ጀመረች። አንዱን ጥቅል ፈታች። ሁለተኛውን ስትፈታ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ አረንጓዴዋ መኪና፣ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ፊት ለፊቷ አለፈች። ሦስተኛው ሲፈታ ባንዲራው ተላቆ ይርገበገብ ጀመር። ሁሉም ነገር ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው፤ አራት አይሞላም።

ከኋላዋ የጣቢያው አለቃ ኖርማን ቲድማርሽ ሬዲዮውን አፉ ላይ ደቅኖ፣ "ሰባት ነኝ። አሥራ አራት ቁጥር ጠጠር ውስጥ ናት። ሁለት ሰው ልኬያለሁ። ቢጫ ወጥቷል" ብሎ ጨርሷል። ይህን ያለው የዲሊስ እጅ ወደ ባንዲራው ሲዘረጋ አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወደ ጠጠሩ ከሚሮጡት ሁለት ጓደኞቹ ላይ አልተነቀለም። አብረው በሠሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት የዲሊስ ባንዲራ መውጣቱን ዞሮ አረጋግጦ አያውቅም። ፀሐይ ወጥታ እንደሆነ መጠየቅ ይሆንበታል።

"አየሽልኝ?" አለ ኖርማን፣ አረንጓዴዋ መኪና ከጥጉ ታጥፋ ከተሰወረች በኋላ። "እግሯን ከነዳጁ ላይ እንኳ አላነሳችም! የሞተሩ ድምፅ ንቅንቅ አላለም እኮ!"

ዲሊስ አፏ ሳንድዊች ስለያዘ አልመለሰችለትም። ነክሳው ስለነበር መዋጥ ነበረባት። ዋጠች። ውጣ ስትጨርስ ኖርማን ቁጥሩን በሬዲዮ አስተላልፏል፤ ከወዲያኛው ጫፍም "ተመዝግቧል" የሚል መልስ መጥቷል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ዲሊስን ግን ጉድ የሠራት ያመለጠ አፍ ሳይሆን የተዘጋ አፍ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። በጠዋቱ ማጣሪያ እያንዳንዱ ሹፌር የሚታገለው ከሰዓት ጋር ነው። ፈጣኑ ዙሩ ከምሳ በኋላ ለሚደረገው ውድድር ከየት እንደሚነሳ ይወስንለታል። ቢጫ ባንዲራ የሚውለበለብበት ጥግ ሲደርስ ግን እግሩን ከነዳጁ ላይ ማንሳት አለበት፤ ምክንያቱም ከጥጉ ወዲያ መንገዱ ላይ መኪና ወይም ሰው አለ ማለት ነው። ሳያነሳ ያለፈ ሰው ዙሩ ይሰረዝበታል። ሄስኮምብ በጎች ከሚግጡባቸው ኮረብታዎች መካከል የተቀመጠ ትንሽ የውድድር ሜዳ ነው፤ በየጥጉ ካሜራ የሚሰቅልበት አቅም የለውም። በየጥጉ ያለው ብርቱካናማ ቱታ የለበሰና ከምሳው በቀር የማይከፈለው ሰው ነው። ባንዲራ ያዡ ወጥቷል ካለ ወጥቷል፤ ይግባኝ የለውም።

ማጣሪያው ሲያበቃ ኖርማን በላስቲክ የተሸፈነ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። የፖስታ ቤት ጡረተኛ ነው፤ ጽሑፉ ያምራል።

"'ቢጫ እየተውለበለበ ሠላሳ አንድ ቁጥር ፍጥነቷን ሳትቀንስ አለፈች።' ይበቃል አይደል? ፈርሚ።"

ዲሊስ ቅጹን ተቀበለችው።

"ኖርማን፣ ባንዲራው ትንሽ..."

"ትንሽ ምን?"

"እርጥብ ነበር።"

"ያልረጠበ ምን አለ? ካልሲዬ እንኳ ረጥቧል። ፈርሚ እንጂ፤ ቅጹን የሚወስደው ልጅ በሞተር ሳይክል እየጠበቀ ነው።"

ፈረመች። ኖርማን የጻፈውን ሳታነብ ፈርማ አታውቅም፤ ይህንንም አንብባ ነው የፈረመችው። የባሰውም ይኸው ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ውስጥ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ለአዳዲስ ባንዲራ ያዦች ትምህርት የምትሰጠው እሷ ናት። ከሁሉ አስቀድማ የምታስተምራቸውም ይህንኑ ነው፦ ከእያንዳንዱ ማጣሪያ በፊት ጨርቁን ፍቱ፣ አራግፉ፣ ጫፉን በጣታችሁ ከዱላው ጋር ያዙ። "እርጥብ ባንዲራ እንደ ሰነፍ ባል ነው፤ በጣም ስትፈልጉት ተጠቅልሎ ይተኛል" ስትላቸው ይስቃሉ፤ ሲስቁም አይረሱም። ዛሬ ግን ቁርስ ሳትበላ ከቤት ወጥታ ነበር። ጨርቁን በምትፈታበት ሰዓት የሳንድዊቹን ወረቀት ፈታች።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። "ታምሲን ሮው በሠላሳ አንድ ቁጥር አንደኛ!" ሲል የነበረው ሰውዬ ነው፤ አሁን ቃሉን ቀየረ። የታምሲን ፈጣን ዙር ቢጫ ባንዲራ ባለመከበሩ ተሰርዟል፤ ከአንደኛ መነሻ ወደ አሥራ አንደኛ ወርዳለች። "ያሳዝናል" አለ ሰውዬው። "አሥራ አንድ ዓመት ነድታ አንድም ቀን ከፊት ተነስታ አታውቅም። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻ ቀኗ ነው፤ መኪናዋን እየተሰናበተች ነው።" ሄስኮምብ ጠባብ ነው፤ መቀዳደም አይቻልበትም። ከአሥራ አንደኛ የተነሳ አሥራ አንደኛ ይገባል።

"የእጇን ነው ያገኘችው" አለ ኖርማን። "አይቨርን የነካው ሰውዬም እኮ እንዲህ ነው የጀመረው።"

አይቨር የዲሊስ ባል ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ ጥግ፣ በዚሁ ጠጠር ውስጥ፣ የቆመ መኪና በገመድ ሲስብ አንድ ሹፌር ቢጫውን ንቆ በሙሉ ፍጥነት መጣና ተንሸራቶ ገጨው። ዛሬ ግራ እግሩ ውስጥ አሥራ አንድ ብሎን አለ፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ከሬዲዮው ትንበያ ቀድሞ ይነግራታል። የዚያን ቀን ባንዲራውን የያዘችው ዲሊስ ነበረች። ተዘርግቶ ነበር፤ ክንዷ እስኪዝል አውለብልባዋለች። ሹፌሩ መጀመሪያ "ባንዲራ የሚባል አልነበረም" አለ። አደጋውን የመረመሩት አጣሪዎች ሲያፋጥጡት "መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም" ወደ ማለት ወረደ። ባንዲራውን ያየ ሌላ ምስክር አልነበረም። አጣሪዎቹ የዲሊስን ፊት አዩ፣ አመኗት፣ ሰውዬውን አገዱት። ከዚያ ወዲህ በሄስኮምብ ስለ ቢጫ ባንዲራ ክርክር ሲነሳ "ዲሊስ ምን አለች?" ይባላል፤ እሷ ካለች ክርክሩ ያበቃል።

በምሳ ሰዓት ኖርማን ድንች ጥብስ ሊገዛ ሄደ። ዲሊስ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ከፔርሙሷ ሻይ ስትቀዳ፣ አንዲት ሴት የውድድር ልብሷን እጅጌ ወገቧ ላይ አስራ በሣሩ መንገድ ስትመጣ አየች። ታምሲን ሮው ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በሳምንቱ ቀናት የእንስሳት ሐኪም ረዳት ናት፤ ክንዷ ላይ ድመት የቧጠጠው ይታያል።

"ወይዘሮ ፕሮሰር?"

"ዲሊስ ነኝ። ልትሳደቢ ከሆነ ቶሎ በይ፤ ሻዩ ይቀዘቅዝብኛል።"

"ልሳደብ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው።" ታምሲን ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ጥግ ዞረች። "ባንዲራውን ሲያወጡት የት ጋ ነበር የቆሙት?"

"እዚሁ። ሁልጊዜ የምቆምበት።"

"እኔም እዚህ ነው የማይዎት። ከመታጠፌ በፊት በየዙሩ ወደዚህ አያለሁ። ዛሬም አየሁ። ቱታዎን አየሁ፣ ክንድዎ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቢጫ ግን አላየሁም።"

"ለፒም ነግረሽዋል?" አለች ዲሊስ። አላስዴር ፒም የውድድሩ ዋና ኃላፊ ነው።

"ነገርኩት። 'ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው' አለኝ።" ታምሲን ሳቅ አለች፤ ሳቋ ደስታ የለውም። "እውነቱን ነው። እኔም ሌላ ሹፌር ቢለኝ 'ቀባጣሪ' ነው የምለው።"

ዲሊስ ሻዩን ፉት ብላ መልሳ አስቀመጠችው። አልጣፈጣትም።

"ስለ ባለቤትዎ አውቃለሁ" አለች ታምሲን። "እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከእኔ ዓይንና ከእርስዎ ቃል ምረጪ ብባል የምመርጠው የእርስዎን ነው። ችግሬም እሱው ነው። ቢጫ እየተውለበለበ፣ ሁለት ሰው በእግሩ ወደ ጠጠሩ እየሮጠ፣ እኔ በዚያ ፍጥነት ሳላይ ካለፍኩ... እኔ አልነዳም። አሥራ አንደኛም አልነሳም፣ አንደኛም አልነሳም። መኪናዬን ልጭን ነው። ከመሄዴ በፊት ግን ምን እንዳመለጠኝ ማወቅ ፈልጌ ነው።"

"የመጨረሻ ቀንሽ አይደለም እንዴ?"

"ነው። ሰው ገጭቼ ከማቆም ሳልነዳ ባቆም ይሻለኛል።"

ዲሊስ አፈረች። እንዲህ ያለ እፍረት ከልጅነቷ ወዲህ ነክቷት አያውቅም፤ ጆሮዋ ድረስ ተሰማት። ተሰድባ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሹፌሮች ሁሉ እንደዚህች ልጅ እንዲያስቡ ስትመኝ ኖራለች፤ አሁን አንዷ አስባ ፊቷ ቆማለች፣ የመጨረሻ ውድድሯንም ልታጣ ነው።

"መኪናዋን አትጫኚ" አለቻት።

"ለምን?"

"ግማሽ ሰዓት ጠብቂኝ። ዓይንሽ ምንም አልሆነም።"

የታምሲን ዓይን አጥሩ ላይ ወደ ተደገፈው ቢጫ ባንዲራ ሄደ፤ ካፊያው ካቆመ ወዲህ ተዘርግቶ፣ ደርቆ፣ በጨዋ ደንብ ይርገበገባል። በመጣችበት ተመለሰች።

ኖርማን ድንቹን ይዞ ሲመጣ ዲሊስ ኮፍያዋን አድርጋ ቆማ ነበር።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ፒም። ያ ቅጽ ውሸት ነው። ሠላሳ አንድ ስታልፍ ባንዲራው ተጠቅልሎ ነበር፤ ጠዋት አልፈታሁትም።"

ኖርማን ከያዘው ድንች አንዱን አፉ ውስጥ ጨምሮ ማኘክ ረሳ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"ምነው ታዲያ ያኔውኑ አልተናገርሽም?"

"አፌ ሙሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፌ ባዶ ሆኖ ፈሪ ሆንኩ።"

ኖርማን ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ሲናደድ ድምፁ ይወርዳል እንጂ አይጮኽም።

"ስሚኝ ዲሊስ። አንዴ 'ባንዲራው አልነበረም' ብለሽ ከፈረምሽ፣ ከነገ ጀምሮ ያጠፋ ሁሉ 'ዲሊስ እንኳ ተሳስታ የለም እንዴ' ነው የሚልሽ። ያን ጊዜ ማን እግሩን ያነሳል? ሁለቱን ልጆች ጠጠር ውስጥ የሚጠብቃቸው ምን መሰለሽ? ጨርቁ ነው? ያንቺ ቃል ነው!"

"ቃሌ ውሸት ከሆነስ?"

"ሦስት ሰከንድ እኮ ነው!"

"አይቨርም የተገጨው በአንድ ሰከንድ ነው" አለች ዲሊስ።

ኖርማን የድንቹን ዕቃ ዘረጋላት። "ብዪ ቢያንስ። በባዶ ሆድ ነው ይኼ ሁሉ የመጣው።" አንድ ድንች አንስታ ሄደች።

የመቆጣጠሪያው ክፍል ከመኪኖቹ መጠገኛ በላይ፣ በብረት መሰላል የሚወጣ ነው። አላስዴር ፒም ብቻውን ነበር፤ ባዶ ሰሀን ወደ ጎን ገፍቶ የመነሻ ዝርዝሩን ያያል። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ባንዲራ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። እሱ አለቃ ሆነ፣ እሷ ጥጓ ላይ ቀረች፤ አንዳቸውም በሌላው አልቀኑም።

ሁሉንም ነገረችው። ሳንድዊቹን እንኳ አልደበቀችም።

ፒም መነጽሩን አወለቀ።

"ኖርማን ያውቃል?"

"አሁን ነገርኩት። እሱ ወደ ጠጠሩ ነበር የሚያየው፤ ጥፋት የለበትም።"

"ሹፌሯስ?"

"ዓይኗን ተጠራጥራ መኪናዋን ልትጭን ነው።"

ፒም ተነስቶ በሩን ዘጋ። ደግ ሰው ነው፤ ችግር ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ማንንም የማይጎዳ መውጫ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያገኛል። ከመሳቢያው ባዶ ቅጽ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት።

"ስሚ ዲሊስ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ 'መኪናዋ ስታልፍ ባንዲራው በሙሉ መዘርጋቱን እርግጠኛ አይደለሁም።' በቃ። ጥርጣሬ ሲኖር ለሹፌር ነው የሚፈረደው፤ ዙሯን ዛሬውኑ እመልስላታለሁ፣ ከፊት ትነሳለች። አንቺም ያው ዲሊስ ነሽ። ማንም ምንም አይልሽም።"

"ሌላውን ብጽፍስ?"

"ሌላውን ከጻፍሽ ጥፋት ነው። ወደ መዝገብ ይገባል። ባንዲራ ልሰጥሽ አልችልም፤ እንደ ማንኛውም ሰው እንደገና እስክትሠለጥኚ ድረስ። ሕጉን ታውቂዋለሽ።"

"አስተምሬህ የለ።"

"እኮ። ለዚህ ነው ይኼኛውን ጻፊ የምልሽ።"

ብዕሩን አነሳች። ከመስኮቱ በታች ታምሲን ሮው ሣሩ ላይ ከመኪናዋ ጎን ተቀምጣለች፤ የመጫኛው በር ክፍት ነው፤ መኪናዋ ግን ገና አልተጫነችም። ዲሊስ "ባንዲራው" ብላ ጻፈችና ቆመች። ፒም ያቀረበላት መንገድ ጥሩ መንገድ ነው። ልጅቷ ቦታዋን ታገኛለች፣ ኖርማን አይቆጣም፣ አይቨርም ማታ ሲጠይቃት "ደህና ዋልኩ" ትለዋለች።

ችግሩ ያ ቃል ነው። እርግጠኛ አይደለሁም። አይቨርን የገጨው ሰውዬ ከአጣሪዎቹ ፊት ሸሚዙን እየጎተተ ያለው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ እሷ ጠረጴዛውን ደብድባ "እኔ ግን እርግጠኛ ነኝ! ባንዲራ ወይ አለ ወይ የለም!" ብላ ነበር። ዛሬ የራሷን ባንዲራ ምናልባት ካደረገችው፣ የዚያን ቀኑም ምናልባት ይሆናል፤ የአይቨር እግር በምናልባት ተሰበረ ማለት ነው። እሷ ብትጠፋ ሌላ ባንዲራ ያዥ ይገኛል። ባንዲራው ከተጠረጠረ ግን ጠጠር ውስጥ የሚገባ ሰው ምን ተማምኖ ይገባል?

ጎንበስ ብላ ሳታቆም ጻፈች፦ "ባንዲራው ሠላሳ አንድ ቁጥር ስታልፍ ተጠቅልሎ ነበር። ከማጣሪያው በፊት መፍታት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አልፈታሁትም። ሹፌሯ ጥፋት የለባትም። ለዚህም እርግጠኛ ነኝ።" ፈረመችና ቅጹን ወደ ፒም ገፋችው።

ፒም ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን መልሶ አድርጎ የመነሻ ዝርዝሩን ሳበ፤ ከአሥራ አንደኛው መስመር ላይ ሠላሳ አንድ ቁጥርን ሰርዞ ከላይ ጻፈው።

"ግትር ነሽ" አላት፣ ቀና ሳይል።

"አይቨርም እንደዚያ ይለኛል።"

"ከሰዓት በኋላ ኖርማን ሬዲዮ ይይዝና ለቢጫው ሌላ ሰው እልካለሁ። አንቺ ወደ ቤት መሄድ ትችያለሽ።"

"የምሄድ አይደለሁም። መጥረጊያ ስጠኝ፤ ጠጠሩ መንገዱ ላይ ፈስሷል።"

ልትወጣ በሩን ስትከፍት ከበሩ ጎን የተለጠፈው ወረቀት ላይ ዓይኗ ዐረፈ። የኅዳሩ ትምህርት ማስታወቂያ ነው። ከላይ "አስተማሪ፦ ዲሊስ ፕሮሰር" ይላል፤ ከሥሩ ስምንት ጀማሪዎች በየራሳቸው እጅ ተመዝግበዋል፤ አንደኛው ስሙን ሲጽፍ ተሳስቶ አርሞታል። ዲሊስ የፒም ብዕር አሁንም እጇ ላይ እንዳለ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

"ማን ሊያስተምር ነው ታዲያ?" አለ ፒም ከኋላዋ፣ የምታደርገውን ሲያይ።

"ኖርማን ያስተምር። ከመፍታት እንዲጀምር ንገረው።"

ስሟን ከአስተማሪው መስመር ላይ ሰረዘችው። ከዚያ ወረቀቱን በመዳፏ ከግድግዳው ጋር ደግፋ፣ ከስምንቱ ጀማሪዎች ሥር፣ ዘጠነኛ አድርጋ ጻፈችው።